በጣና ዳርቻ የመስመጥ አደጋን ለመከላከል

ሰው ውሃ ሲወስደው «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ለሐዘንተኛው ማጽናኛ ይሆን ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰምጠው ከሞቱት 300 ሺህ ያህል ሰዎች ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደነበሩ ገልጿል፤ ቀን ደግሞ አገር አይመርጥም።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከሐይቁ ሳይሆን ከግቢ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን በባልዲ ውሃ ሊሰምጥ ስለሚችል የተረፈውን ውሃ መድፋት፣ ጉድጓዱን መክደን፣ በክረምት ውሃ ያቆረ የግንባታ ጉድጓድ ካለም ማጠር ያስፈልጋል። ዳርቻው ላይ ልብስ ሲታጠብ ልጆቹን የሚጠብቅ አንድ ሰው ተለይቶ ይመደብ፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ የሚያያቸው የለም። የሚሰምጥ ልጅ እንደሚታሰበው አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው እኩል ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገር ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ማዕበሉ ስለሚበረታ በጠዋት ቢሄድ ይመረጣል። የሕይወት አድን ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መቀመጫ አድርገውት የሚሄዱ መንገደኞችን አይቻለሁ፤ ማሰሪያው እስኪጠብቅ ድረስ መልበስ ይገባል። የደንገል ታንኳም ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ዳር ወጥቶ ሳይደርቅ ጭነት ሊጫንበት አይገባም።

ሰው ሲሰምጥ ያየ ዘሎ አይግባ፤ የሰመጠው ሰው አዳኙን አንቆ ይዞት ይወርዳልና። ይልቁንም ርዳታ እየተጣራ በሆዱ ተኝቶ አጣና ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ያቀብል፤ ካልደረሰም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ ይወርውር።

የወጣው ሰው ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ ውሃ ለማስወጣት ሆዱን መጫን ጊዜ ያባክናል፤ ትውከቱንም ወደ ሳንባው ሊልከው ይችላል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎና አፍንጫውን ይዞ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል። ከዚያም ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚደርስ ፍጥነት 30 ጊዜ መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እየተፈራረቁ መቀጠል ነው። የአዋቂ ደረት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኝቶ፣ እርጥብ ልብሱን አውልቆና በደረቅ ጋቢ ሸፍኖ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ የትንፋሽ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል በዚያ ሌሊት ብቻውን አይተኛ።