ፕሌትሌት ስላልተጣበቀ ብቻ አትደሰቱ

ጂማ ላይ የባዮሜዲካል ተመራቂዎች ደም ለሚነካ የሕክምና ዕቃ የሚሆን ስስ ሽፋን መስራት ይወዳሉ። አንዱ ከቡላ፣ ሌላው ከሽሪምፕና ከመሰሎቹ ቅርፊት ከሚገኘው ካይቶሳን ይሰራል። ደም ያስነኩትና ‘ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ትንሹ የደም ሴል) አልተጣበቀበትም፣ ለደም ይስማማል’ እያሉ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ደሙን በምን ቲዩብ ቀዳችሁት?

‘በኢዲቲኤ።’

ኧረ እባካችሁ! ያ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ ለደም ቆጠራ ነው። በየላብራቶሪው ስለሚገኝ ብቻ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። ደም እንዳይረጋ ቲዩቡ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የደሙን ካልሲየም ጠራርጎ ይይዘዋል። ፕሌትሌት ደግሞ ያለ ካልሲየም ገጹ ላይ ያረፈውን ፋይብሪኖጅን የተባለ የደም ፕሮቲን መጨበጥ አይችልም። የሰውን እጅ አስሮ ‘ይሄ ሰው አይማታም’ ብሎ እንደመመስከር ነው። 3.2 በመቶ ሲትሬት ያለበትን፣ ሰማያዊ ክዳኑን ተጠቀሙ። 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው፤ ስለዚህ እስከ ምልክቱ ሙሉት። ከናሙናችሁ ጎን ሁልጊዜ ቁራጭ መስታወት አስቀምጡ። መስታወቱ ላይም ካልተጣበቀ ሙከራው አልሰራም ማለት ነው።

ደም የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የዶርም ጓደኛችሁ ነው። ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጠይቁት። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት እስኪሞት አያገግምም፤ ዕድሜው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ውጤቱ እየተለዋወጠ ሲያስቸግረው ማቴሪያሉን ደጋግሞ ቀየረ። ለካ ደም ሰጪው ጥርሱን አሞት አስፕሪን ሲውጥ ሰንብቷል።

ደሙን ፍሪጅ አታስገቡ። አረፋም አይግባበት፤ አየር ራሱ ለደም ባዕድ ገጽ ነው።

የውሃ ጠብታ እንዴት እንደተዘረጋ አይታችሁ አትፍረዱ። ሴል ባዶውን ማቴሪያል አያገኘውም። በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲን ይሸፍነዋል፤ ቀድሞ የደረሰው አልቡሚንም ቦታውን ለፋይብሪኖጅን፣ እሱም ለሌሎች ይለቃል። ተመራማሪው ሊዮ ቭሮማን ያስተዋለው ይህንን መፈራረቅ ነው።

ሄሞሊሲስ ከ2 በመቶ በታች ሆነ? ጥሩ፣ ቀይ ሴሎቹ አልፈነዱም። ስለ መርጋት ግን ገና ምንም አልነገራችሁኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የኢንዶቴልየሙ፣ ማለትም የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን ነገር ነው። ፕሌትሌትን የሚገፋ ገጽ ብዙ ጊዜ የደም ስር ሽፋን ሴሎችንም ይገፋል፤ ሁለቱንም ለየብቻ ፈትኑ። ሴሎቹ ቢቀመጡም አይበቃም። ጤነኛ ኢንዶቴልየም ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን እያመነጨ ፕሌትሌትን ያረጋጋል። የተቆጣው ግን ቲሹ ፋክተር አውጥቶ ደሙን ራሱ ያረጋዋል። ስለዚህ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ለኩ። መለኪያ ካጣችሁ ሪፖርቱ ላይ ‘ሴሎቹ ተጣብቀዋል’ ብላችሁ ብቻ ጻፉ፤ ‘ይሰራሉ’ አትበሉ።