ትራምፔቱ ላይኛው ኖት ላይ ሲዘጋ፦ ማውዝፒሱ ነው ወይስ ሌላ?

የቫልቭ ዘይቱ፣ የቱቦው እጥበት፣ የውሃ ማውጫው ቡሽ ታይቷል ብዬ ልጀምር። እሱን ሳታዩ የመጣችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ምልክት፦ ሱቅ ውስጥ የወጣው ኖት መድረክ ላይ እምቢ አለ

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ሱቃችን ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ከዞረ በኋላም ያው ነው። ልጁ ጥልቀት የሌለው ማውዝፒስ (ከንፈር የሚገጥምበት የትራምፔቱ አፍ) ይገዛል። «ለሃይ ኖት የተሠራ ነው» ተብሎ ነው የተሸጠለት። እዚያው ቆሞ ሲሞክር ሃይ ሲ፣ ላይኛው ሲ ኖት፣ እንደ ቀልድ ይወጣለታል። ደስ ብሎት ይከፍላል። ቅዳሜ ሠርግ ላይ የመጀመሪያው ሰዓት ደህና ነው። ትዝታውም ወሎውም ያልፋል። ራት ተበልቶ ጉራጌኛው ሲገባ፣ ብራሱ (ነፊዎቹ) ላይኛውን ኖት መደጋገም ሲጀምር፣ ከኖታው መስመሮች በላይ ያለው ጂ ጭጭ ይላል። አይሰነጠቅም፣ አይንሸራተትም። በቃ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት ትራምፔቱን ታቅፎ ይመጣና «ጋሼ፣ ቫልቩ አየር ያስወጣል መሰለኝ» ይለኛል።

ቫልቩ ምንም አልሆነም። ከንፈሩ የማውዝፒሱን ወለል ነክቶ ነው።

ብዙ ሲነፋ ከንፈር ደም ይሞላዋል፣ ያብጣል። ተጫዋቹ ሲደክም ደግሞ ትራምፔቱን ፊቱ ላይ ይጫነዋል። ያበጠው ከንፈር እየተገፋ ወደ ኩባያው፣ ማውዝፒሱ መሃል ወዳለው ጎድጓዳ፣ ይገባል። ኩባያው ጠለቅ ካለ ቦታ አለው። ካልሆነ ግድግዳውን ይነካል። ግድግዳ የነካ ከንፈር አይንቀጠቀጥም፣ ካልተንቀጠቀጠ ደግሞ ድምፅ ከየት ይመጣል? ከንፈራችሁ ወፈር ያለ ከሆነ ይሄ ቶሎ ይደርስባችኋል። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይበልጥ መጫን ነው። የባሰ ይዘጋል።

ከድካም የሚለየው እንዲህ ነው። ድካም ሲሆን ድምፁ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ አየር ይቀላቀልበታል። ኩባያው ሲሆን በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በዘጋበት ደቂቃ ማውዝፒሱን አውጡና የድሮውን፣ ጠለቅ ያለውን ክተቱ። ያው ጂ ከወጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ጠዋት ያረፈ ከንፈር ይዞ መሞከር ግን ምንም አይነግራችሁም። ማውዝፒስ የምትገዙ ከሆነ ከልምምድ በኋላ ደክማችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

መፍትሔው ወደ ትልቅና ጥልቅ መዝለል አይደለም። ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ የለመዳችሁት ይሁን፣ ኩባያው ብቻ አንድ ደረጃ ጠለቅ ይበል። ሁለቱን አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

እዚህ ላይ ማውዝፒሱ ላይ የተቀረፀው ቁጥርና ፊደል ሰውን ያሳስታል። ባክ የተባለው ኩባንያ በሚሠራው ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ማውዝፒሱ ይሰፋል፣ ፊደሉ ከኤ ጥልቁ ጀምሮ ወደ ኢ እየሳሳ ይሄዳል። ያማሃ ላይ ሁለቱም ተገልብጠዋል፦ ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል፣ ኤ የተባለው ነው ጥልቀት የሌለው። ባክ 7ሲ ሲነፋ የኖረ ሰው «ኤ ጥልቅ ነው» ብሎ ያማሃ 14ኤ4ኤ ገዝቶ መጥቶ ያውቃል። የፈለገው ጥልቀት ነበር፣ ያገኘው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሆነ። የባክ 7ሲ የውስጥ ስፋት 16.20 ሚሊሜትር፣ የ3ሲ 16.30 ነው። አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ብላችሁ አትናቁት፣ ከንፈር ያውቀዋል።

ደግሞም ያልነበራችሁን ኖት ማውዝፒስ አይሰጣችሁም። ያለውን ያቀልላችኋል፣ ድምፁን ያደምቀዋል። የቀረው ልምምድ ነው።

ምልክት፦ ላይ ይወጣል፣ ግን ኪቦርዲስቱ ይገላምጣል

ጥልቀት የሌለው ኩባያ ላይኛውን ድምፅ ከቅኝቱ በላይ ያደርገዋል። ማስተካከያውን ቱቦ ብታወጡት ታችኛው ድምፅ ከቅኝቱ በታች ይወርድባችኋል። ማውዝፒሱን ቀይሩ።

ምልክት፦ ኖቱ ቦታው አይቀመጥም፣ ይንሸራተታል

የማውዝፒሱን ጭራ እዩ። ከቱቦው አፍ ጋር የሚገናኝበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉና አውጡት። የገባው 2.5 ሴንቲሜትር ግድም መሆን አለበት። በጣም ካነሰ ወይም ከበዛ ጫፉና ቱቦው የሚገናኙበት ክፍተት ተዛብቷል፣ መጀመሪያ የሚጎዳውም ላይኛው ድምፅ ነው። አንዴ የመጣልኝ ትራምፔት ውስጥ የኮርኔት ማውዝፒስ ነበር። የኮርኔት ጭራ ቀጭን ስለሆነ ባለቤቱ ጥቁር ናስትሮ ጠምጥሞበታል። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ ቱቦው ውስጥ ተለጥፎ ቀረ። ስፈቀፍቅ ዋልኩ። ባለቤቱ ደግሞ በወጉ ይሰማ ነበር ብሎ ይከራከረኛል! ናስትሮ፣ ወረቀት፣ ክር፣ ምንም አትጠምጥሙ።

ወድቆ ጫፉ የተጣመመ ከሆነ ሾጣጣ ብረት አስገብቶ ማቃናት ይቻላል። በፒንሳ አይደለም።

ምልክት፦ አየር ይበላል፣ በአሥር ደቂቃ ያደክማል

ጉሮሮውን፣ ኩባያው ሥር ያለውን ጠባብ ቀዳዳ፣ ያሰፋ ሰው አለ ማለት ነው። የባክ መደበኛ ጉሮሮ 3.66 ሚሊሜትር ነው። «አየር እንዲያልፍ» ብለው በትራፓኖ የሚበሱ አሉ። እባካችሁ ተዉ። የተፋቀ ነሐስ አይመለስም። እኔም አልሠራውም።

ስለ ፎርጅድ

7ሲ ተብሎ የተቀረፀበት ሁሉ 7ሲ አይደለም። ጠርዙን መስታወት ላይ ድፉና ከኋላው በስልክ መብራት አብሩ። በአንድ ወገን ብርሃን ካለፈ ጠርዙ ተጣሟል፣ አትግዙ። የብር ቅቡ የሚላጥ ከሆነ ከንፈር ያሳክካል፣ ጣሉት። መጥቆር ብቻ ከሆነ ግን ይወለወላል፣ ብር ነው፣ አትፍሩ።

ሌላው

የክረምት ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። የአዲስ አበባን ከፍታ የሚያማርሩ አሉ። ትንፋሽ ያሳጥር ይሆናል፣ ጂን አይዘጋም። ማውዝፒስ የምትዋዋሱ ጓደኛሞች በሳሙና እጠቡት። ማውዝፒሱ ተጣብቆ እምቢ ካለ ደግሞ መንቀያ መሣሪያ ያለው ሰው ጋ ውሰዱት። በፒንሳ የጠመዘዛችሁት ቱቦ ከማውዝፒሱ የበለጠ ገንዘብ ያስወጣችኋል።