የፈንዱ ገንዘብ ከየት መጣ? የድሮ መዝገብ አገላለጥ

እዚህ ለንደን የማኅበራችንን የድጋፍ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ የገንዘብ ምንጭ ሳላይ አላልፍም፤ በተለይ የምናመለክትበት ፈንድ 200 ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ ገንዘቡ ከባርነት የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደማየው ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የመሥራቹን፣ የአማቶቹንና የሸሪኮቹን ስም ያዙ። ሀብቱ በጋብቻና በውርስ ነው የዞረው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በነፃ ወደከፈተው የብሪታንያ ባሪያ ባለቤቶች የመረጃ ቋት ግቡ። በ1833 ባርነትን የሚሽረው ሕግ ሲወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመደበ። ለባሮቹ እንዳይመስላችሁ፣ ለጌቶቻቸው ነው! 15 ሚሊዮኑን በ1835 እነ ባንከሩ ናታን ሮትሽልድ ለመንግሥት አበደሩ። ዕዳው ወደ ሌላ ቦንድ እየተዛወረ ቆይቶ ያለቀው በ2015 ነው። እዚህ ታክስ ስንከፍል የኖርን ሐበሾችም አዋጥተናል ማለት ነው።

ስሙን ስታገኙ እርሻው የት እንደነበር፣ ስንት ሰው በባርነት እንደያዘ፣ ስንት ፓውንድ ከስንት ሺሊንግ እንደተከፈለ ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ባለቤት» የሚለውን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። እኔ ቶሎ የምሄደው «በመያዣ ያበደረ» ወደሚለው ነው፤ ባንከሮቹ ያሉት እዚያ ነው። የጃማይካ ባለሸንኮራ እርሻ ከለንደን ሲበደር መሬቱንም ሰዎቹንም ያስይዛል። ዕዳው ሳይከፈል ሕጉ ከመጣ፣ አበዳሪው ካሳውን ለራሱ ይጠይቃል። ጃማይካን ረግጦ የማያውቅ ሰው በዚህ መንገድ ተከፍሎታል። «ባለአደራ» ወይም «የኑዛዜ አስፈጻሚ» ካለ ግን ገንዘቡ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ቸኩላችሁ አትፍረዱ።

ፈንዱ ከካሳው ብዙ የቀደመ ከሆነ ኢንቨስትመንቱን እዩ። የንግሥት አን ፈንድ በ1704 ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ድሃ ቀሳውስት መደጎሚያ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡን ግን አፍሪካውያንን ወደ ስፔን ቅኝ ግዛቶች ሲያጓጉዝ በነበረው ሳውዝ ሲ ካምፓኒ ላይ አዋለ። ፈንዱን የወረሱት የቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች አሮጌውን ሌጀር በሒሳብ መርማሪዎች አስፈትሸው፣ በባርነቱ ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 100 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመድቡ በ2023 አስታወቁ።

በመጨረሻ ለፈንዱ ጻፉ። «ስለ ባርነት ታሪካችሁ ንገሩኝ» ካላችሁ የሚመጣው የጨዋ ደብዳቤ ብቻ ነው። «ከ1720 እስከ 1840 ያለው የኢንቨስትመንት መዝገብ የት ነው የሚገኘው?» በሉ። መዝገብ ቤት ከላኳችሁ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ እርሳስም አትርሱ፤ እስክሪብቶ አያስገቡም።