ፒሲኦኤስ ኖሮብሽ ኪሎ አልቀንስ ካለሽ

ምልክቱ። ፒሲኦኤስ የሴት እንቁላል የሚወጣበትን የኦቫሪን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር ነው። ምሳ ትዘያለሽ፣ ቦርጭሽ ግን ንቅንቅ አይልም። የወር አበባሽ ከ35 ቀን በላይ ቆይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ወራት ይዘላል። አገጭሽ ላይ ፀጉር ይወጣል። አንገትሽና ብብትሽ ይጠቁራል፣ ቆዳው ወፈር ይላል። ይሄን ጥቁረት ብዙዎች እድፍ መስሏቸው ይፈትጉታል። እባክሽ ቆዳሽን አታቁስዪ። አብዛኛውን ጊዜ ደም ውስጥ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ሆርሞን) ሲበዛ የሚመጣ ነው።

መንስኤው። ብዙ ጊዜ ሰውነትሽ ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ቆሽት ስኳሩን ለማውረድ ሲል አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ስብ እንዲከማች ያግዛል፤ ኦቫሪም የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋል። ስለዚህ እህቴ፣ ስንፍና አይደለም።

የከተማ ዳር ኑሯችንም ያባብሰዋል። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ የምትሠራ ሴት ጎህ ሳይቀድ ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣለች። ረፋድ ላይ ስኳሩ የበዛ ሻይ በቦምቦሊኖ። ማታ ተርባ ትገባና የቀኑን ሁሉ በአንዴ በልታ ትተኛለች።

መፍትሄው። ከእራት ጀምሪ። እንጀራ ተዪ የሚልሽን አትስሚ። የሳህንሽን ግማሽ ጎመን ወይም ሰላጣ አድርጊው፤ ሩቡን ምስር፣ ሽሮ ወይም እንቁላል፤ እንጀራው የቀረውን ሩብ ይያዝ። ጎመኑን ቀድመሽ ብዪ። በጾም ፓስታና ድንች በእንጀራ ደርቦ መብላት ለምዶብናል፤ እሱ ይቅር። ለጠዋት መንገድ ማታውኑ እንቁላል ቀቅለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ጾም ከሆነ የሽምብራ ንፍሮ። የሻይ ስኳሩን ቀስ በቀስ ቀንሺ።

እራት እንደበላሽ አትተኚ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ተንቀሳቀሺ፤ ከመሸም የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አለ። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ይወስዳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ጥሩ ግብ ነው። 80 ኪሎ ከሆንሽ 4 ኪሎ መቀነስ ብቻ የወር አበባን ሊያስተካክል ይችላል፤ ሃያ ኪሎ እያሰብሽ አትጨነቂ።

ሐኪም ጋ መቼ? የወር አበባሽ 3 ወር ከቀረ አትጠብቂ። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ከዚያ የታይሮይድ (የአንገት እጢ)፣ የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሆርሞን) እና የስኳር። ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ካዘዘልሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው። ሆድ ሊያውክ ስለሚችል በትንሹ ነው የሚጀመረው። የጎረቤትሽን ኪኒን ግን ተበድረሽ አትውሰጂ፤ ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ኪሎ ሲቀንስ ወይም ኪኒኑ ሲሠራ ከኦቫሪ እንቁላል መውጣት የሚጀምረው የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ነው። መውለድ አሁን ካልፈለግሽ፣ መከላከያውን ከወዲሁ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።