ወደ ዋሽንግተን ፀረ ድህነት ሰልፍ ለመሄድ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዝግጅትና የገንዘብ ማሰባሰቢያ መመሪያ

ድህነትን ለመቃወም በሚደረግ ሰልፍ ላይ የአውቶቡስ መክፈል ያቃተው ተማሪ ቤቱ ከቀረ፣ ዝግጅቱ ገና ከመነሻው ጎድሏል። ይህን መመሪያ የምጽፈው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆቻችንና ለክፍል ጓደኞቻቸው ሲሆን፣ በተለይ የማስባቸው ወላጆቻቸው በመኪና ማቆሚያ፣ በምግብ ቤት፣ በጽዳትና በአየር ማረፊያ ሥራ ቤት የሚያስተዳድሩትን ነው። ጉዳዩ ከእነሱ ቤት የራቀ አይደለም። የፌደራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 2009 ጀምሮ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም አልተነቃነቀም፤ ከደንበኛ ቲፕ ለሚያገኙ ሠራተኞች አሠሪው ከኪሱ እንዲከፍል የሚገደድበት የፌደራል ወለል ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ ከፍ ያለ ክፍያ ቢደነግጉም፣ ፔንስልቬንያን የመሰሉት ለረጅም ዓመታት ከፌደራሉ ወለል ፈቀቅ ሳይሉ ቆይተዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌነት የማነሣው የድሆች ዘመቻ በሚል ስም የሚታወቀውን ንቅናቄ ሰልፍ ነው። ዘመቻውን መጀመሪያ ያቀደው ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲሆን፣ እሱ በኤፕሪል 1968 በሜምፊስ ከተማ የአድማ ላይ የጽዳት ሠራተኞችን ሊደግፍ ሄዶ ከተገደለ በኋላ፣ ባልደረባው ራልፍ አበርናቲ ሰዎቹን መርቶ በዋሽንግተኑ አደባባይ የድንኳን መንደር ተከለ፤ መንደሩም እስከ ጁን 24 ቀን 1968 ቆየ። ዘመቻውን በእኛ ዘመን እንደገና ያነሣሱት ቄስ ዊልያም ባርበርና ቄስ ሊዝ ቲዮሃሪስ ናቸው፤ በጁን 18 ቀን 2022 እና በጁን 29 ቀን 2024 በዋሽንግተን ትላልቅ ሰልፎች ተደርገዋል። ሁለቱም ቅዳሜ ቀን፣ ሁለቱም በጁን ሙቀት ነበሩ፤ ይህ ለምግቡም ለመጓጓዣውም ትርጉም ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ወላጆችን ማነጋገር ነው። ገንዘብ መለመን ከመጀመራችሁ በፊት ይህ ካልተፈጸመ፣ አውቶቡሱ ተከፍሎበት ባዶ ወንበር ይዞ ይሄዳል። ብዙ ወላጆቻችን ሰልፍ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው፤ ወንድም ወጥቶ የቀረበትን፣ ጎረቤት የታሰረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ይህን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት አትቁጠሩት፣ ተከራክራችሁም ለመርታት አትሞክሩ። ይልቁንም እናትና አባትን፣ ከተቻለም አያትን፣ በቡና ሰዓት ቁጭ አድርጋችሁ ሰልፉ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ማን እንደሚያጅባችሁ፣ በስንት ሰዓት ወጥታችሁ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በወረቀት ላይ አሳዩአቸው። በ1966 ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በከተማዋ ሾላ በተባለ ቦታ ተይዘው የነበሩ ለማኞች ስላሉበት ሁኔታ አደባባይ ወጥተው እንደነበር ብትጠይቋቸው፣ በዕድሜ የገፉት የሚነግሯችሁ ነገር ይኖራል። የድሃን ጥያቄ ይዞ የወጣ ተማሪ በቤታችሁ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም፤ ጨዋታው ከዚያ ቢጀመር ፈቃዱም የሚቀል ይመስለኛል።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ነው። ጉዞው በትምህርት ቤቱ ስም እንዲሆን ከፈለጋችሁ እውቅና ያለው ክበብና ኃላፊ መምህር ያስፈልጋችኋል፤ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ጥያቄውን ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድማችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ሰልፉ ቅዳሜ ቢውልም ከሩቅ የሚነሡ ዓርብ ከሰዓት ክፍል ሊቀሩ ይችላሉ። የቨርጂንያ ሕግ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን በሕዝባዊ ጉዳይ ለመሳተፍ በፈቃድ እንዲቀር ያስችላል፤ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ሲፈቅዱ ቆይተዋል። በሌላ ክፍለ ግዛት የምትኖሩ የወረዳችሁን ደንብ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ መቅረት እንደ ማንኛውም መቅረት ሊያስቀጣ ይችላል፤ ነገር ግን የቀራችሁት ለሰልፍ ስለሆነ ብቻ ከሌላው ቀሪ የከበደ ቅጣት ሊጣልባችሁ አይገባም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 በቲንከር ጉዳይ፣ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው ላይ አስረው የመጡ ተማሪዎች የመናገር መብታቸውን ትምህርት ቤት በር ላይ ጥለው እንደማይገቡ ወስኗል፤ መብቱ የሚገደበው የትምህርቱን ሥራ በእጅጉ ሲያውክ ነው። ትምህርት ቤቱ ጉዞውን አልቀበልም ካለ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በማኅበረሰብ ማኅበር ሥር መሄድ ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ግን የትምህርት ቤቱን ስምና አርማ በምንም ወረቀት ላይ አትጠቀሙ።

መጓጓዣ ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በሰሜን ቨርጂንያና በሜሪላንድ የምትኖሩ በሜትሮ ባቡር መሄድ ስለምትችሉ ወጪያችሁ ጥቂት ነው። ከፊላደልፊያ የሚነሣ አውቶቡስም በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። ከኮሎምበስ ኦሃዮ ግን ወደ 400 ማይል ገደማ ነው፤ የፌደራል ደንብ የመንገደኛ አውቶቡስ ሹፌር ለ8 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ10 ሰዓት በላይ እንዲነዳ፣ በሥራ ላይ 15 ሰዓት ከሞላው በኋላም መሪ እንዲይዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ሌሊቱን ተጉዞ፣ ውሎ፣ በዚያው ቀን ለመመለስ ሁለት ሹፌሮች ወይም ለሹፌሩ የሆቴል ማደሪያ ያስፈልጋል፤ ይህም በዋጋው ላይ ይጨመራል። ያለ ሁለተኛ ሹፌር በርካሽ እወስዳችኋለሁ የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ አትቀበሉት፤ ቅናሹ የተገኘው ከልጆች ደኅንነት ላይ ተቀንሶ ነው። የድርጅቱን የትራንስፖርት መምሪያ ቁጥር (USDOT) ጠይቃችሁ በፌደራሉ የተሽከርካሪ ደኅንነት አስተዳደር (FMCSA) የሕዝብ መዝገብ ላይ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አጣሩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም ሰልፉ ቢሰረዝ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በውሉ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።

አውቶቡስ ከመከራየታችሁ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውሉ። የሠራተኛ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ለእንዲህ ያለው ሰልፍ የራሳቸውን አውቶቡስ የሚያሰናዱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወላጆቻችሁ በጽዳት ወይም በሆቴል ሥራ የማኅበር አባል ከሆኑ ቅርንጫፉን ባዶ ወንበር እንዳለ ይጠይቁላችሁ። ሃያ ወንበር በዚህ መንገድ ከተገኘ የወራት ልፋት ቀረላችሁ ማለት ነው።

ካልተገኘ ወደ ሂሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል የአውቶቡሱ ዋጋ 3,000 ዶላር፣ የ50 ሰው ምግብና ውኃ 400፣ የሹፌር ጉርሻና መጠባበቂያ 300 ቢሆን በድምሩ 3,700 ዶላር ይመጣል። ሳምቡሳ በ2 ዶላር ብትሸጡና አንዱ 50 ሳንቲም ቢፈጅባችሁ፣ ይህን ገንዘብ ለማግኘት ወደ 2,500 የሚጠጋ ሳምቡሳ መጥበስ ይኖርባችኋል። ይህን ያነሣሁት ላስፈራችሁ አይደለም፤ ሁሉንም ሸክም በእናቶች ምጣድና መጥበሻ ላይ የሚጥል ዕቅድ መሀል መንገድ ላይ እንደሚቀር ስላየሁ ነው። ከሽያጭ ሲሶውን፣ ከተቋማት ልገሳ ሲሶውን፣ የቀረውን ከግለሰቦች ትንንሽ መዋጮ ለማግኘት አቅዱ።

ሽያጩን በተመለከተ፣ በትምህርት ቀን ግቢ ውስጥ ለተማሪ የሚሸጥ ምግብ የፌደራሉን የሥነ ምግብ መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ይህ ገደብ የሚያበቃው የትምህርት ሰዓት ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። ከዚያ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ በሚደረግ ጨዋታ ላይ ብትሸጡ ይሻላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመሸጥ የሰበካ ጉባኤውን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በጾም ወቅት የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ ቆሎና ሻይ ብታቀርቡ ሁሉም ይገዛችኋል፣ ሙስሊም ጓደኞቻችሁም ያለ ጥርጣሬ ይበሉታል። ምግብ ብቻ ነው ብላችሁም አታስቡ። በ1963 ለሥራና ለነፃነት የተደረገውን የዋሽንግተን ሰልፍ ያደራጁት ሰዎች ወጪያቸውን በከፊል የሸፈኑት በ25 ሳንቲም በሚሸጥ የደረት ቁልፍ ነበር፤ ተማሪዎች ራሳቸው የሚሠሩት እንዲህ ያለ ነገር አይበላሽም፣ ለገዢውም መታሰቢያ ይሆናል።

ወደ ምግብ ቤት ባለቤት፣ ወደ እድር ወይም ወደ ማኅበር ልገሳ ለመጠየቅ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። በደብዳቤው ላይ ጠቅላላ ወጪው፣ እስካሁን የተገኘውና የምትጠይቁት መጠን ይጻፍ። ለምን እንደምትሄዱም በአጭሩ ተናገሩ። ለምሳሌ መንግሥት በ2021 የልጆችን የግብር ተመላሽ በጊዜያዊነት ሲያሰፋ፣ ድጎማዎችን ጨምሮ በሚሰላው መለኪያ የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ ነበር፤ እርዳታው ተቋርጦ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። ድህነት በፖሊሲ እንደሚቀንስና እንደሚጨምር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቁጥር አላውቅም። የየትኛውንም ፓርቲ ዕጩ ስም ግን በደብዳቤው ላይ አታንሡ፤ ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎት ተቋማት ለምርጫ ዕጩ ድጋፍ ማዋጣት ስለማይፈቀድላቸው ችግር ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ።

የገንዘብ አያያዙን ከእድር ተማሩ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና ወጪ የሚያጸድቀው አንድ ሰው አይሁን። ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ በማግሥቱም ትምህርት ቤቱ ለክበባት በሚይዘው ሂሳብ ይግባ። አንድ ጊዜ በረዳሁት ቡድን መዋጮው በአንዲት ቅን እናት የግል ስልክ መላኪያ በኩል ይሰበሰብ ነበር፤ ከቤት ወጪያቸው ጋር ተቀላቀለና፣ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል እንኳ ሰው በጥርጣሬ ያያቸው ጀመር። ሂሳቡ እስኪጠራ ድረስ ያሳለፉትን ሁለት ሳምንት ባስታወስኩ ቁጥር ያመኛል፣ ስህተቱ የእሳቸው ሳይሆን ሥርዓት ያላበጀነው የእኛ ነበርና። በየሁለት ሳምንቱ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ለወላጆች ይነበብ።

አሁን ወደ መነሻዬ ልመለስ። ወንበር አትሽጡ። ጠቅላላው ወጪ በጋራ ተሰብስቦ ለሁሉም ተጓዥ ነፃ ይሁን፤ የሚችል ወላጅ በፈቃዱ ያዋጣ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ ግን ከገንዘብ ያዡና ከኃላፊ መምህሩ በቀር ማንም አይወቅ። «መክፈል የማይችል ይንገረን» የሚል ማስታወቂያ ልጅን ያሸማቅቃል፣ የሚናገርም አይኖርም። ቅዳሜ የሚሠሩ ተማሪዎች የቀን ደመወዛቸውን እንደሚያጡም አስቡ። ከመጠባበቂያው ላይ ይህን ለማካካስ ትምህርት ቤቱ ካልፈቀደ፣ ቢያንስ ፈረቃ የሚለዋወጣቸው ሰው ከወር በፊት ፈልጉላቸው፤ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁ ከሆነም የሚተካቸው ቤተሰብ ይመደብ።

ለዕለቱ በየአሥሩ ተማሪ አንድ አዋቂ አጃቢ ይኑር። እያንዳንዱ ተማሪ የሁለት አዋቂዎችን ስልክ በወረቀት ላይ ጽፎ ይያዝ፤ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ መገናኛ ቦታና ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ። የጁን ሰልፎች ብዙውን ጊዜ ከሰኔ ጾም ጋር ይገጥማሉ፣ በ2022ም በ2024ም ገጥመዋል፤ ስለዚህ የመንገዱ ምግብ የጾም ቢሆን ሙቀቱንም ይችላል፣ ማንንም አያገልልም። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ካለ አስቀድሞ ይታወቅ። መፈክሩን ያለ እንጨት በካርቶን ላይ ጻፉ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብታደርጉት ወላጆቻችሁም ፎቶውን ሲያዩ ያነቡታል። የማንንም ፊት ግን ሳታስፈቅዱ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥብቅ ሁኑ፦ እንዲህ ባሉ ዘመቻዎች ውስጥ መንገድ ላይ ተቀምጠው ለመታሰር የሚዘጋጁ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አቋማቸውን ብናከብርም፣ ዜግነት ያላገኘ ወይም ቤተሰቡ በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ያለ ተማሪ የአንድ ቀን እስር የሚያስከትልበት መዘዝ ከሌላው የተለየ ነው። ቡድናችሁ ፈቃድ ባለው ሰልፍ መስመር ብቻ እንዲሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ በወላጅ የፈቃድ ቅጽ ላይም ይህንኑ ጻፉ፤ የሚያሠጋው ነገር ያለ ቤተሰብም ከጉዞው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። የዚህን ተማሪ ጉዳይ ለሌላው አትናገሩ። ሳይሄድ ቢቀር በሽያጩ፣ በሂሳቡና በመፈክር ጽሑፉ የሠራው ሥራ ከተጓዦቹ እኩል ይጻፍለት።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የመጨረሻውን ሂሳብ ዝጉ። ላዋጣ ሁሉ የምስጋና ደብዳቤና የወጪ ዝርዝር ይላክ፣ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለሚቀጥለው ጉዞ በክበቡ ሂሳብ እንዲቆይ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። በጁን መጨረሻ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የክበባትን ሂሳብ ስለሚዘጉ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መዝገቡን፣ የአውቶቡሱን ውልና የለጋሾቹን ስም ዝርዝር ደግሞ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ለሆነ ተማሪ አስረክቡ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው።