ፎር ዊል ፒክአፕን በምን ያህል ከፍ እናድርግ?

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ሲሄዱ አስፋልቱን ለቀው ወደ ገጠር መንገድ ከገቡ፣ በክረምት መሬቱ ሁሉ ዋልካ ነው። ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱ ሲኖትራኮች በጭቃው ላይ ሁለት ጥልቅ ቦይ ቆፍረው ያልፋሉ፤ በመካከል የሚቀረው የአፈር ጉብታ ፀሐይ ሁለት ቀን ከመታው ይጠነክርና ከኋላ የሚመጣውን ፒክአፕ ሆዱን ይዞ ያስቀረዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ሁለት ክረምት የተመላለሰ ባለመኪና፣ ሦስተኛው ሳይመጣ «መኪናዬን ከፍ ላስደርግ» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሆኖም ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት መሬት የሚነካው የመኪናው ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብዎ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በዚያው ጉብታ ላይ ተመልሶ የሚቀረው ይህን ሳያጣራ ስለሚጀምር ነው።

ዝናብ ባቆመ ማግስት መኪናውን ሳያሳጥቡ ደረቅና ደልዳላ ቦታ ያቁሙት፤ የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ይግቡና ጭቃው የት እንደተፋቀ፣ ብረቱ የት እንደተወለወለ ይመልከቱ። የተፋቀው የኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው እብጥ ያለ ክፍል ከሆነ፣ ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ማስቀየር ለእርሱ ምንም አይፈይድም። ዲፈረንሻሉ ያለው ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው አክስል ላይ፣ አክስሉም ያለው በጎማዎቹ መካከል በመሆኑ፣ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) የቱንም ያህል ከፍ ቢል እርሱ ከነበረበት አይነሳም። የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም በጥቂቱ። 265/65 ባለ 17 ኢንች ጎማ ከዳር እስከ ዳር 776 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ 265/70 ደግሞ 803 ገደማ ነው። የ27 ሚሊሜትሩ ልዩነት ግማሹ ከአክስሉ በላይ ስለሚውል፣ ዲፈረንሻሉ የሚያተርፈው 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህም ጋር የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነት 103 ያህል ይሄዳል። የተፋቀው ግን የነዳጅ ታንከሩ፣ የጎን መርገጫው፣ የካምቢዮው ተሸካሚ ብረት ወይም የፊት ፓራውልቱ የታችኛው ጫፍ ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ከሻንሲው ጋር አብረው ስለሚነሱ የሞላ (የተጠቀለለው ስፕሪንግ) እና የባሌስትራ ለውጥ በትክክል ይጠቅማቸዋል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል ነጥብ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ይለኩና አራቱንም ቁጥር ይጻፉ። ከመሬት ጀምሮ መለካት የጎማውን መበላት ወይም የንፋሱን ማነስ ስለሚቀላቅል አይበጅም። የእኔን ሃይሉክስ እንዲህ ስለካ ከኋላ በስተቀኝ ከግራው 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ባሌስትራውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ሳየው ሁለተኛው ቅጠል ከመሐል ወደ ጫፉ ባለው ቦታ ተሰብሮ ኖሯል፤ ጭቃው ደርቆ እንደ ልስን ስለሸፈነው ለወራት አልታየኝም። ብዙ ዓመት የሠራ ፒክአፕ ባሌስትራው ረግቦ በብዙ ጣት ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ አንዳንድ ባለመኪና የሚፈልገውን ከፍታ የሚያገኘው መኪናው ሲሠራ ወደነበረው ልክ በመመለስ ብቻ ነው። የረገበ ባሌስትራን በእሳት አግሎ ቀጥቅጦ ማጎበጥ በየሰፈሩ ይሠራል፤ ዋጋውም ያማልላል። ነገር ግን ብረቱ ከጋለ በኋላ በሥርዓቱ ካልጠነከረ የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተመልሶ ይተኛል ወይም ይሰበራል። አዲስ ቅጠል መግዛት እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ባሌስትራና ሞላ የሚመረጡት በከፍታቸው ሳይሆን መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ክብደት ነው። ሻጭ ሁሉ «5 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጋል» ይላል፤ በምን ጭነት ከፍ እንደሚያደርግ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ስለዚህ በመኪናዎ ላይ ሁልጊዜ ያለውን ነገር ቆጥረው ይመዝኑ፦ የኋላ ሽፋን፣ የብረት መደርደሪያ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ትርፍ ጎማ። ውኃ በበርሜል የሚያመላልሱ ከሆነ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። ለ3 ኩንታል ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ በሚሄድ ፒክአፕ ላይ ቢገባ፣ የኋላው ክፍል እንደ እንጨት ይደርቃል፤ በጠጠር መንገድ ላይ እየነጠረ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ በኩርባ ላይ ደግሞ ጅራቱ ወደ ውጭ ይሸሻል። በተቃራኒው ቀላል ባሌስትራ የገባለት ሁሌ ጫኝ መኪና ከፍ ያለው ባዶ በቆመበት ብቻ ነው፤ ሲጫን ወደ ቀድሞው ቦታው ይመለሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጫን ጤፍ ብለው ከባዱን አይምረጡ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚነዱት ባዶውን ነውና። ዕቃውን የሚያቀርበው ነጋዴ ለጭነቱ ልክ ሁለት ሦስት ዓይነት ምርጫ ከሌለው ሌላ ጋ ይጠይቁ። ኦልድ ማን ኢሙን የመሳሰሉት የአውስትራሊያ ምርቶች የፊቱንም የኋላውንም በክብደት ለይተው ስለሚሸጡ ለማነጻጸር ይመቻሉ።

ከፊት በኩል መኪናው የተሠራበት መንገድ ይወስናል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ሃይሉክሶች ከፊት ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ፣ በሞላና ንጥረቱን በሚያበርደው አሞርዛተር የተያዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ጥሩ ገደብ ነው። ከዚያ ካለፈ ኃይል ወደ ጎማው የሚወስደው ሲቪ ጆይንት አለቅጥ ዘንበል ብሎ ይሽከረከራል፤ የሚሸፍነው ላስቲክ ይቀደዳል፤ ጭቃው ገብቶ ይጨርሰዋል። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የላይኛው ክንድ፣ ብራቾውም፣ ጫፉ ላይ ያለውን ዘዋሪ መገጣጠሚያ (ቦል ጆይንት) እስከ ጫፍ ያጣምመዋል። በአሞርዛተሩ ራስ ላይ የሚገባው ወፍራም ቀለበት ርካሽ ነው፤ አሞርዛተሩ ከብራቾው መሐል ላይ ስለሚቀመጥ ቀለበቱ ከውፍረቱ እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ግን ልብ ይበሉ፤ 3 ሴንቲሜትር ብለው የገዙት ስድስት ሊሆንብዎ ይችላል። ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ዲ-ማክሶች በሞላ ፋንታ እየተጠማዘዘ ክብደቱን የሚሸከም ዘንግ (ቶርሽን ባር) ስላላቸው ቡሎን በማጥበቅ ይነሳሉ። ይህ ገንዘብ ባይጠይቅም ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ያሳጥራል፤ ስለዚህ በጉድጓድ ላይ ሲያልፉ የሚሰማው ምት ይበዛል። ባለ 79 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ከፊትም አንድ ወጥ አክስል ስላለው የበለጠ ከፍታ ይችላል፤ ከላይ ስለ ዲፈረንሻል የተባለው ግን ለፊቱም ይሠራል።

ከኋላ ሁለት አቋራጮች አሉ። አንዱ የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሳው ግማሹን ያህል ነው፤ መወላወሉም ይጨምራል። ሌላው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ጉርድ ብረት ማስገባት ነው። ይህ በኋላው አክስል ላይ በትንሹ ቢሞከርም፣ ባሌስትራ ባለው የፊት አክስል ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ብረቱ በፍሬን ጊዜ ከተንሸራተተ መሪው ከእጅ ይወጣል።

ከፍታው ከተመረጠ በኋላ አብረው መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ከሁሉም የሚረሳው የፍሬኑ ነው። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አላቸው። ዘንጉ መኪናው ምን ያህል እንደተጫነ እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይወስናል። ሻንሲው ከፍ ሲል ዘንጉ መኪናው ባዶ እንደሆነ ይቆጥርና የኋላውን ፍሬን ያደክማል፤ ስለዚህ እርሱም በልኩ መስተካከል አለበት። የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ በክሪክ አንስተው ይዩ። አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ሳይሠራ ከጋራዥ አይውጡ፤ ካልተሠራ መሪው ከመታጠፊያ ሲወጡ በራሱ አይመለስም፣ በአስፋልትም ላይ ይዋልላል። የፊት መብራቱም የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ ዝቅ ይደረግ።

በአንድ ጋራዥ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ የባሌስትራውን ቡሎኖች ሁሉ አጥብቀው ጨረሱ፤ እኔም አመስግኜ ሄድኩ። በአራተኛው ወር ጎሚኒዎቹ (በባሌስትራው መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) በሙሉ ተሰንጥቀው መንጫጫት ጀመሩ። ጎማው ተንጠልጥሎ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ በየጉድጓዱም የበለጠ እየተጠማዘዘ ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኑ በስሱ ተይዞ፣ መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ አንዴ ከፍና ዝቅ ተደርጎ ተወዛውዞ ነው የመጨረሻው መጥበቅ የሚደረገው። መካኒኩን «ጌታዬ፣ ወደ መሬት ሲወርድ እናጥብቀው» ማለት አያሳፍርም፤ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ።

ከፍ ያለ መኪና በኩርባ ላይ የበለጠ ይጋደላል። ከሱሉልታ አልፈው ወደ ጎጃም የሚሄዱ ከሆነ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ይህ በግልጽ ይሰማል፤ ጣሪያ ላይ ከባድ ዕቃ አይጫኑ። ለቦሎ ምርመራ የሚሄዱበትን ተቋምና ኢንሹራንስዎን ከሥራው በፊት ያማክሩ።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ የሚገዙ ከሆነ ያገለገለ ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል ተፈትሾ ሊወሰድ ይችላል፤ ያገለገለ አሞርዛተር ግን አይግዙ። የሚገዙት አሞርዛተር ለአዲሱ ከፍታ የረዘመ መሆኑን ከአሮጌው ጎን ሙሉ በሙሉ አስዘርግተው በሜትር ያረጋግጡ። ሥራው ካለቀ በኋላ 500 ኪሎሜትር ሲሞላ ሁሉንም ቡሎን ዳግም ያስጠብቁ፤ 1000 ሲሞላም ያንን አራት ቁጥር የጻፉበትን ወረቀት አውጥተው በዚያው ደልዳላ ቦታ እንደገና ይለኩ። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያው ሰሞን ጥቂት ስለሚተኛ፣ የመኪናዎ እውነተኛ ከፍታ የዚያን ቀን የሚያገኙት ነው።