ፕሮሎግ ላይ ማያልቀው ሉፕ በአንድ መስመር ተፈታ

ሶስት ቀን የፈጀብኝን ነገር ልጻፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይለፋ። ስዊ ፕሮሎግ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ላይ ከአንድ ነጥብ ሌላው ጋ መድረስ ይቻላል ወይ ሚል ሩል ጻፍኩ፣ ሩሉ መጀመሪያ ራሱኑ ይጠራል ከዛ ነው ኤጁን (ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በቀጥታ ሚወስደውን መስመር) ሚያየው። ስጠይቀው ትንሽ ዝም ይልና የስታክ ሊሚት (የሜሞሪ ገደብ) 1 ጊጋባይት አለፈ ብሎ ይሞታል።

ኤጁን ከፊት አስቀደምኩት፣ ሰራ፣ ደስ አለኝ፣ ግን ዳታው ውስጥ ሀ ወደ ለ፣ ለ ወደ ሐ፣ ሐ ተመልሶ ወደ ሀ ሚሄድ ዙር ነበርና ቀጣዩን መልስ ለመጠየቅ ሴሚኮለን በነካሁ ቁጥር ያንኑ ለ፣ ሐ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ሀ... ከት (ሌላ መልስ መፈለግን ሚያስቆም ምልክት) ጨመርኩ፣ ሉፑ ቆመ ግን አንድ መልስ ሰጥቶ ሌላውን ዋጠው። ያለፍኩበትን በሊስት መያዝም ሞከርኩ፣ ትክክል ነው ግን ኤጅ ሲበዛ ይንቀራፈፋል።

የሰራው ቴብሊንግ ነው፣ ያገኘውን መልስ መዝግቦ መያዝ ማለት ነው። ከሩሉ በላይ አንድ መስመር፦ ኮለን፣ ሰረዝ፣ ቴብል፣ የፕሬዲኬቱ (ሩሉ የተጻፈበት) ስም፣ ስላሽ፣ 2፣ ነጥብ። በቃ! የመጀመሪያውን ሩል እንዳለ መለስኩትና ሶስቱንም መልስ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ ቆመ። 2 የአርጉመንቱ (ሩሉ ሚቀበላቸው፣ እዚህ መነሻና መድረሻ) ብዛት ነው፣ እኔ 3 ብዬ ጽፌ ግማሽ ሰአት አቃጥያለሁ።

ደግሞ በአሰርት (ፕሮግራሙ እየሰራ ዳታ መጨመሪያ ትእዛዝ) አዲስ ኤጅ ከጨመራችሁ አሮጌውን መልስ ነው ሚሰጣችሁ፣ አቦሊሽ ኦል ቴብልስ (በአንደርስኮር የተያያዘ) ብላችሁ አጽዱት።